ሥዕላዊ አጠቃሎ (የሕክምና ምርምር)

ሥዕላዊ አጠቃሎ የአንድን የሕክምና ጥናት ጥያቄ፣ ዘዴና ዋና ውጤት በሥዕል፣ በቁጥርና በጥቂት ቃላት አሳጥሮ በአንድ ምስል ላይ የሚያቀርብ የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ቪዥዋል አብስትራክት» ይባላል። በምርምር ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው አጠቃሎ በአንቀጽ የሚናገረውን ይህኛው በሥዕል ይናገራል። በብዛት የሚሠራጨው በትዊተር (ኋላ ኤክስ በተባለው)፣ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ነው። ዓላማው ሥራ የሚበዛበት ሐኪም፣ ነርስ ወይም ተማሪ ጥናቱ የሚመለከተው መሆኑን በጥቂት ሰከንዶች ዐውቆ ሙሉውን ጽሑፍ እንዲከፍት ማድረግ ሲሆን፣ ሙሉውን ጥናት አይተካም።

በኢትዮጵያ የሚካሄዱ የሕክምና ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። በዚህም ምክንያት ጥናቱ የተሠራባቸው ሰዎችና በቅርባቸው የሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ውጤቱን ሳያገኙት ሊቀሩ ይችላሉ። ሥዕላዊ አጠቃሎ ይህን ክፍተት ከሚያጠብቡ መንገዶች አንዱ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ምስሉ ሲያጥር የሚጣለው መረጃ አንዳንድ ጊዜ ዋናው መረጃ ስለሚሆን አዘገጃጀቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በጋምቤላ ክልል በሌይቹዎር፣ በኋላም በጀዊ የተጠለሉ ስደተኞችን የነካው የሔፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

## አመጣጥ

የሕክምና መረጃን በሥዕል ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ሲነሣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሰው የሞተባቸውን ቤቶች በካርታ ላይ በማስፈር ሞቱ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መብዛቱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1858 ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች የሚበዙት በጦር ቁስል ሳይሆን መከላከል በሚቻል በሽታ መሞታቸውን በክብ ሥዕላዊ መግለጫ አቀረበች። የኬሚስትሪ መጽሔቶችም ከጽሑፉ ማውጫ ጎን አንድ ሥዕል ማኖርን ቀደም ብለው ጀምረውታል።

ዛሬ በሕክምና መጽሔቶች የሚታወቀው ሥዕላዊ አጠቃሎ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሆነው አንድሪው ኢብራሂም «አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ» ለተባለው መጽሔት ጽሑፎች እነዚህን ምስሎች ማዘጋጀት ጀመረ፤ አሠራሩን የሚያስተምር መመሪያም በነፃ አሠራጨ። ከዚያ በኋላ በርካታ መጽሔቶችና የጤና ተቋማት ዘዴውን ተከትለዋል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚያሳትመው ሳምንታዊ ዘገባም ከእነዚህ አንዱ ነው።

## አሠራር

አንድ የተለመደ ሥዕላዊ አጠቃሎ የሚከተሉት ክፍሎች አሉት።

* ጥያቄው ወይም ርዕሱ፦ ጥናቱ ምን ለማወቅ እንደተነሣ በአንድ ዐረፍተ ነገር።
* ሰዎቹና ዘዴው፦ እነማን፣ ስንት፣ የት፣ ከማን ጋር እንደተነጻጸሩ።
* ውጤቶቹ፦ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ያልበለጡ፣ እያንዳንዳቸው ከሥዕልና ከቁጥር ጋር።
* ምንጩ፦ የአጥኚዎቹ ስም፣ የመጽሔቱ ስምና ዓመቱ፣ ሙሉው ጽሑፍ የሚገኝበት አድራሻ።

በኢትዮጵያ ከተካሄደ ጥናት ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአማራ ክልል ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የትራኮማ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ሕፃናት በየ3 ወሩ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ሲያገኙ ምን እንደሚሆን መርምሯል። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች በሕፃናቱ ዐይን ላይ የሚገኘው የትራኮማ ኢንፌክሽን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወርዷል። መድኃኒቱን ባልወሰዱት ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎች ላይም ኢንፌክሽኑ ቀንሷል።

ይህን በምስል ለማቅረብ ሁለት መቶ ትንንሽ የሰው ምልክቶችን መሣል ይበቃል። በግራ ካሉት 100 ሕፃናት 48ቱ፣ በቀኝ ካሉት 100 ደግሞ 4ቱ ያህል ቀለም ይቀባሉ። አንባቢው ልዩነቱን ያለ ስሌት ያየዋል። ይሁን እንጂ ጥናቱ የለካው ኢንፌክሽንን ነው፤ ዓይነ ሥውርነትን አይደለም። ትራኮማ ዐይንን የሚያሳውረው ኢንፌክሽኑ ለዓመታት ሲደጋገም ስለሆነ፣ በምስሉ ላይ «መድኃኒቱ ዓይነ ሥውርነትን በ93 በመቶ ቀነሰ» ተብሎ ቢጻፍ ጥናቱ ያላለውን እንዲል ማድረግ ይሆናል።

## ውጤታማነቱ

ዘዴው ምን ያህል እንደሚሠራ ከመረመሩት ጥናቶች የሚጠቀሰው ኢብራሂምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። አጥኚዎቹ 44 የምርምር ጽሑፎችን ወስደው እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በርዕሱ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ከሥዕላዊ አጠቃሎ ጋር በትዊተር አሠራጩ። ከሥዕል ጋር ሲሠራጭ መልእክቱ በሰዎች ገጽ ላይ የታየበት ብዛት 7.7 እጥፍ፣ ለሌሎች የተጋራበት ብዛት 8.4 እጥፍ፣ ጽሑፉ የተከፈተበት ብዛት ደግሞ 2.7 እጥፍ ሆነ።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት የዘዴውን ጥቅም ለማሳየት ቢሆንም ሌላም ነገር ይናገራሉ። የመክፈቱ ብዛት የጨመረው የመታየቱን ያህል አይደለም፤ ስለዚህ ምስሉን ካዩት የሚበዙት ከምስሉ አልፈው አልሄዱም። ለእነዚህ ሰዎች ጥናቱ ማለት ምስሉ ነው። በሥዕላዊ አጠቃሎ ላይ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ቃልና ቁጥር ብቻውን ቢነበብም እውነት መሆን አለበት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥናቱ የለካው መታየትን፣ መጋራትንና መከፈትን ነው። ምስሉን ያየ ሰው መልእክቱን በትክክል ተረድቶታል ወይ፣ ሕክምናውስ ተሻሽሏል ወይ የሚለው ከእነዚህ ልኬቶች አይገኝም።

## በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የራሱን የሕክምና መጽሔት በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ቆይቷል። በዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጋጁ የጤና መጽሔቶችም በዚያው ቋንቋ ይወጣሉ። ለሕዝቡ የጤና መልእክት የሚደርሰው ግን በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና በሥዕል የተደገፉ የማስተማሪያ ካርዶችን ይጠቀማሉ። እነዚህ ካርዶች የአንድ ጥናት አጠቃሎ ባይሆኑም፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕልን ከሚያስረዳ ሰው ጋር አጣምሮ ማቅረብ በአገሪቱ የተለመደ መሆኑን ያሳያሉ።

በማኅበራዊ መገናኛ የሚሠራጭ ምስላዊ የጤና መረጃ በስፋት የተለመደው በኮቪድ-19 ወቅት ነው። የመጀመሪያው የበሽታው ተጠቂ በአገሪቱ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በየዕለቱ የምርመራውን፣ አዲስ የተያዙትን፣ ያገገሙትንና የሞቱትን ቁጥር በአንድ ምስል ላይ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በትዊተር ያወጡ ነበር። በዕለቱ የተመረመሩት ሰዎች ብዛት አብሮ መውጣቱ ጠቃሚ ነበር። የተያዙት ቁጥር ብቻ ቢወጣ፣ ጭማሪው በሽታው በመስፋፋቱ ይሁን ምርመራው በመብዛቱ ለመለየት አይቻልም።

## የጋምቤላ ምሳሌ፦ ከሌይቹዎር እስከ ጀዊ

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ክልል ገባ። ከተከፈቱት መጠለያዎች አንዱ በኑዌር ዞን የሚገኘው ሌይቹዎር ነበር። አካባቢው በክረምቱ ዝናብ በጎርፍ በመጥለቅለቁ ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግድ ሆነ። ለዚህም ከጋምቤላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የጀዊ መጠለያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ተከፈተ።

ከመዛወሩ በፊት በክልሉ መጠለያዎች ሔፓታይተስ ኢ ተከስቶ ነበር። ይህ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ በዋነኛነት የሚተላለፈው በሰገራ በተበከለ ውኃ ነው። ስለ ወረርሽኙ በአሜሪካው ሳምንታዊ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2015 አጭር ጽሑፍ ወጥቷል። በዚህ ጽሑፍ መሠረት ከኤፕሪል 2014 እስከ ጃንዋሪ 2015 (ከሚያዝያ 2006 እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. ገደማ) በጋምቤላ በሚገኙ ስደተኞች መካከል 1,117 በበሽታው የተጠረጠሩ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም 21ዱ ሞተዋል።

ይህን አጭር ጽሑፍ ወደ ሥዕላዊ አጠቃሎ መለወጥ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአራት ቦታዎች ስሕተት ሊገባ ይችላል።

«የተጠረጠሩ» የሚለው ቃል። 1,117 ሰዎች በምልክታቸው የተጠረጠሩ እንጂ ሁሉም በላቦራቶሪ የተረጋገጠላቸው አይደሉም። በመጠለያ ውስጥ እያንዳንዱን ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ በላቦራቶሪ መመርመር አይቻልም። ቃሉ ከምስሉ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ቢወጣ ዘገባው ያልሰጠው እርግጠኝነት ይጨመርበታል።

ከስንት ሰው? 21 ለ1,117 ሲካፈል 1.9 በመቶ ይሆናል። ይህ ማለት ከተጠረጠሩት 100 ሰዎች 2 ያህሉ ሞተዋል ማለት ነው። ከ100 ስደተኞች 2ቱ ሞተዋል ማለት አይደለም። አካፋዩ ካልተጻፈ ሁለተኛው ንባብ በቀላሉ ይወሰዳል።

ሁለት ምንጭ በአንድ ምስል። ሔፓታይተስ ኢ ለአብዛኛው ሰው በራሱ የሚድን ሕመም ቢሆንም ለነፍሰ ጡሮች እጅግ አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከሚያዙት ሴቶች እስከ 20–25 በመቶ የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ለመጠለያው ነዋሪና ለአዋላጅ ነርስ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ከጋምቤላው ወረርሽኝ የተሰላ ስላልሆነ፣ ከ1.9 በመቶው ጎን ሲቀመጥ ከየት እንደመጣ አብሮ መጻፍ አለበት። የተሻለው ሁለቱን በተለያየ ሳጥን ማኖር ነው።

መድኃኒቱን ለማሳየት መቸኮል። ጽሑፉ የወረርሽኝ ዘገባ ነው፤ ሁለት ወገኖችን አላነጻጸረም። ስለዚህ «ሳሙና በሽታውን በዚህ ያህል በመቶ ቀነሰ» የሚል መደምደሚያ ከእሱ አይወጣም። በተጨማሪም ሰው በቫይረሱ ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ሳምንት የታመሙት ከሳምንታት በፊት የጠጡት ውኃ ነው የታመሙበት። የክሎሪን ሥርጭት በተጀመረበት ሳምንት ሕሙማን ቢበዙ ሥራው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ቢቀንሱም ወዲያው የክሎሪኑ ውጤት ነው አይባልም።

## ቋንቋ፣ ፊደልና ዘመን አቆጣጠር

አማርኛ የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ ነው። በክልሉ የኑዌር፣ የአኙዋ፣ የመዠንግር፣ የኮሞና የኦፖ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በጀዊ የተጠለሉት አብዛኞቹ ሰዎች ኑዌር ተናጋሪዎች ሲሆኑ ቋንቋቸው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በመሆኑም በአማርኛ የተዘጋጀ ምስል ለክልሉ ጤና ቢሮ ባለሙያ ቢጠቅምም ለመጠለያው ነዋሪ አይደርስም። ለባለሙያና ለነዋሪ አንድ ምስል መላክ ሁለቱንም ሳያገለግል ይቀራል፤ ባለሙያው ቁጥሩንና ዘዴውን ይፈልጋል፣ እናት ደግሞ ውኃውን ምን ማድረግ እንዳለባትና መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት።

ሥዕልም ቢሆን በራሱ ለሁሉም እኩል አይነበብም። ቀስት «ከዚህ ወደዚያ» ማለት መሆኑን፣ የኤክስ ምልክት ክልከላ መሆኑን የሚያውቀው እነዚህን ምልክቶች የለመደ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ምስሉ ከመሠራጨቱ በፊት ለታለመላቸው ጥቂት ሰዎች አሳይቶ ምን እንደሚያዩበት መጠየቅ ይመከራል። ስልክ ወይም ኔትዎርክ በሌለበት ቦታ ደግሞ ምስሉ ታትሞ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በቃል መብራራት ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ የሚዘጋጁ ምስሎች ሌላ የራሳቸው ችግር አለባቸው፤ እሱም ዘመን አቆጣጠሩ ነው። የጋምቤላው ወረርሽኝ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «2014» ተብሎ ቢቀመጥና ይህ ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ምስል ቢገለበጥ፣ አንባቢው 2014 ዓ.ም. ብሎ በማንበብ ክስተቱን በሰባትና ስምንት ዓመት ያዘገየዋል። የቆየ ምስል በቴሌግራም እንደገና ሲዞር ደግሞ ያለፈ ወረርሽኝ እንደ አዲስ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከዓመቱ ጋር በምስሉ ላይ መኖር አለበት።

## ትችቶችና ጥንቃቄዎች

የተጋነነ መደምደሚያ። ሥዕላዊ አጠቃሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከጽሑፉ አጠቃሎ ነው፤ አጠቃሎው ከተጋነነም ሥዕሉ ያንኑ ይደግማል። እ.ኤ.አ. በ2010 «ጃማ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በዋና መለኪያቸው ግልጽ ልዩነት ያላገኙ 72 የሕክምና ሙከራዎችን መርምሮ ከ58 በመቶ በሚሆኑት ላይ በአጠቃሎው መደምደሚያ ውጤቱን ከሆነው አሳምሮ የማቅረብ ችግር አግኝቷል። ስለዚህ ምስሉን የሚያዘጋጀው ሰው ሙሉውን ጽሑፍና ሠንጠረዦቹን ማንበብ ይጠበቅበታል።

በንጽጽር ብቻ የቀረበ ቁጥር። «አደጋውን በግማሽ ቀነሰ» የሚለው አገላለጽ ከ100 ሰዎች 40 የነበሩት 20 ሲሆኑም፣ ከ1,000 ሰዎች 2 የነበሩት 1 ሲሆኑም እኩል እውነት ነው። ለአንባቢው ግን ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ። መነሻውንና መድረሻውን ሁለቱንም መጻፍ ይህን ይፈታዋል።

ከምንጩ የተለየ ምስል። ምስል ሲጋራ ከሥሩ የነበረው ጽሑፍና አድራሻ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ምንጩና ዓመቱ በምስሉ ውስጥ ካልተጻፉ ከጥቂት መጋራት በኋላ ጥናቱን ማግኘት ያስቸግራል።

ቀለምና መጠን። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ስላሉ ልዩነትን በቀለም ብቻ ማሳየት አይመከርም። ለኮምፒውተር ተብሎ የተዘጋጀ ደቃቅ ጽሑፍም በስልክ ላይ አይነበብም።

ክብርና ምስጢር። የሕሙማንን ወይም የስደተኞችን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዳቸው መጠቀም አይገባም። ነዋሪው እርስ በርስ በሚተዋወቅበት መጠለያ ፊት ቢሸፈንም ሰውን ከልብሱና ከቤቱ መለየት ይቻላል። በተጨማሪም በሽታን ከአንድ ማኅበረሰብ ጋር አያይዞ የሚያሳይ ሥዕል፣ በስደተኞችና በአካባቢው ነዋሪዎች መካከል መፈራራትን ሊፈጥር ይችላል። ሔፓታይተስ ኢ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃ ስለሆነ በሥዕሉ መሀል መቀመጥ ያለበት የውኃው ምንጭና የመጸዳጃው ሁኔታ ነው።

## አንባቢ ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ነጥቦች

በማኅበራዊ መገናኛ የደረሰውን ሥዕላዊ አጠቃሎ ከማመኑና ከማጋራቱ በፊት አንባቢ የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይችላል።

1. ጥናቱ የተሠራው በእነማን ላይ ነው? ስንት ናቸው? የት?
2. ቁጥሩ ከስንት ሰው ነው? መነሻውስ ስንት ነበር?
3. የተነጻጸረ ሌላ ወገን አለ? ወይስ የተከሰተውን ብቻ የሚዘግብ ነው?
4. የተለካው ነገር ሕመሙ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ምልክት?
5. መጽሔቱ፣ ዓመቱና ዘመን አቆጣጠሩ ተጽፈዋል?
6. ሙሉው ጽሑፍ ከተገኘ፣ በምስሉ ላይ ያለው ቁጥር በጽሑፉ ውስጥም አለ?

ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ከራሱ ከምስሉ መመለስ ካልተቻለ፣ ምስሉ ሙሉውን ጽሑፍ ለመፈለግ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለሕክምና ውሳኔ መነሻ አይሆንም።